ኩርንችት ባለበት ሸለቆ፣ በሁለት ጎማ

ቅዳሜ፣ ከንጋቱ አስር ሰዓት፣ ሚድ ሲቲ

ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ያልለመዳችሁ ታገሱኝ። ፒኮ ጎዳና ላይ ከመብራቱ በቀር የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። እኔ አፓርታማችን ፊት ለፊት ብስክሌቴን ይዤ ቆሜአለሁ። ይዣታለሁ እንጂ አልተቀመጥኩባትም። ስምንት ወር ሙሉ ሳሎን ውስጥ ቆማ የታጠበ ልብስ ማስጫ ሆና ነበር። ትናንት ሸሚዞቹን ሳነሳላት እንደ ሰው አፈርኳት።

ነገሩን ለማታውቁት ላስረዳ። ፌርፋክስ ላይ፣ ሊትል ኢትዮጵያ ከሚባለው ሰፈር፣ አንድ የቅመማ ቅመም ሱቅ ውስጥ እሠራለሁ። መኪና መንዳት አልችልም። ሁለት ጊዜ ተፈትኜ ሁለቴም ወድቄአለሁ፤ ለሦስተኛው ፊት የለኝም። ስለዚህ አራት ዓመት ከቤቴ ሱቅ የተመላለስኩት በብስክሌት ነው። አስራ አምስት ደቂቃ ይፈጃል። ከቀኑ ውስጥ ማንም «ጽጌ!» ብሎ የማይጠራኝ፣ ማንም በርበሬ የማያስመዝነኝ ያቺ አስራ አምስት ደቂቃ ብቻ ነበረች። የካቲት ላይ አንድ ጠዋት ፒኮ ላይ ዳሬን ይዤ ስሄድ፣ ከቆመች መኪና ውስጥ አንድ ሰውዬ ኋላውን ሳያይ በሩን በረገደው። በሩ ላይ ተላትሜ አስፋልቱ ላይ ወደቅኩ፤ የትከሻዬ አጥንት ተሰበረ። አጥንቱስ ገጠመ። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ኮርቻ ላይ ስወጣ ጉልበቴ ይከዳኛል፤ ሥራ የምሄደው በአውቶቡስ ነው።

ልጄ ሜሮን አስራ ሰባት ዓመቷ ነው። ሆስፒታል አልጋ ላይ ያየችኝ እሷ ስለሆነች ብስክሌቷን ማየት አትፈልግም። «ማሚ፣ ፕሊስ፣ ለሰው እንስጣት» ትለኛለች በየሳምንቱ። በመጨረሻ ተስማማን። መኪና በሌለበት መንገድ ላይ አንድ ጊዜ እሞክራለሁ። እዚያም ካቃተኝ ብስክሌቷ ለወሰዳት ትሁን።

«ጽጌ! ነይ፣ ነይ፣ ትራፊክ ሳይነሳ!»

ይዘውኝ የሚሄዱት ጓደኛዬ እትዬ አስካለ በመኪናቸው ደረሱ። ስልሳ ሦስት ዓመታቸው ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ኤርፖርት ውስጥ ጽዳት ሠርተው ጡረታ በወጡ በሳምንቱ የኮሮኮንች ብስክሌት ገዙ። ባልድዊን ሂልስ ከልጃቸው ጋር ነው የሚኖሩት። ልጃቸው እግራቸውን ዘርግተው እንዲያርፉበት ብሎ ትልቅ ሶፋ ገዝቶላቸው ነበር፤ አሁን ብስክሌት ሲያጥቡ ፎጣ ያሰጡበታል። ሻሻቸውን በነጭ አስረው፣ ሄልሜታቸውን ገና መኪና ውስጥ ሆነው ከላይ ደፍተውታል።

«እትዬ፣ አራት ሰዓት እኮ ነው የምንነዳው። ሄልሜቱን ያውልቁት።»

«ለምጄዋለሁ፤ ካወለቅሁት ይበርደኛል» አሉኝ፤ ብስክሌቴን ከኋላ አስረን ተነሳን።

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አስራ ሁለት ሰዓት፣ ሞሃቬ

ከተማው አልቆ፣ ተራራው አልቆ፣ በረሃ ሆነ። ማደያ ቆምን። ሻይ ሦስት ዶላር ነው፤ ሻይ ስል ሙቅ ውሃና ክር ያለው ከረጢት ማለቴ ነው። ነፋሱ የመኪናውን በር ከእጄ ሊነጥቀኝ ይታገላል።

እትዬ ከኋላ ወንበር አንድ ሣጥን አውጥተው ከፈቱ። በሶ በማርና በዘይት ተለውሶ፣ እንደ እንቁላል ተድቦልቡሎ፣ እያንዳንዱ በላስቲክ ተጠቅልሏል።

«ብስክሌት የሚነዱት ልጆች ለጉልበት የሚጠቡት ጄል አለ አይደል? አንድ ቀን ቀመስኩት። የጥርስ ሳሙና! ሶ፣ እኔ ጭብጦዬን ይዣለሁ። አራቱን አንቺ ኪስሽ ክተቺ፣ አራቱን እኔ።»

«አራት ይበዛብኛል።»

«ኖ፣ ኖ። ያንሳል» አሉና አምስተኛ ጨመሩልኝ። መንገዱ ላይ ደግሞ ስለምንሄድበት ሸለቆ አወሩልኝ። ሁለቴ ሄደውበታል። በር አለው፤ ከበሩ ወዲያ ከአርቢዎቹ በቀር መኪና አይገባም። ስንት ማይል እንደሆነ ስጠይቃቸው ሬዲዮውን ከፍ አደረጉት።

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ኦወንስ ሸለቆ

ከመኪናው ስወርድ መጀመሪያ የሰማሁት ነገር ምንም ነው። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ዝምታ ሲባል ፍሪጁ ሲያርፍ ማለት ነው። እዚህ ግን የራሴን ትንፋሽ ሰምቼ ሰው መጣ ብዬ ዞርኩ።

በስተ ምዕራብ ሴራ ኔቫዳ ቆሟል። ተራራ ቀስ እያለ ነው የሚጀምረው ብዬ አስብ ነበር፤ ይኸኛው ከሜዳው ብድግ ብሎ ቀጥ አለ፤ ጫፉ ላይ አዲስ በረዶ አለ። በስተ ምሥራቅ ራቁቱን የቀረ ቡናማ ተራራ ተዘርግቷል። በሁለቱ መሃል ወንዙ ይሄዳል። ትልቅ ወንዝ አይደለም። እየተጠማዘዘ፣ ሸምበቆ ውስጥ እየገባ እየወጣ፣ የቸኮለም አይመስልም። ዳርና ዳሩ ላይ በጥቅምት ቢጫ የለበሱ ዛፎች አሉ፤ ቅጠላቸው እርድ የተነሰነሰበት ይመስላል። የቅመም ነጋዴ ነኝና ይቅር በሉኝ፣ ግን እውነት እርድ ነው።

ሎስ አንጀለስ ከምትጠጣው ውሃ ከፊሉ የሚሄደው ከዚህ ነው። ለሃያ ዓመት ፊቴን ስታጠብ ውሃው ከየት እንደሚመጣ ጠይቄ አላውቅም። ወንዙን አየሁትና እንግዳ ሆኜ ሰው ቤት ስበላ የኖርኩ መሰለኝ።

ብረት በሩን በእግር አልፈን ብስክሌት ላይ ወጣን። ዕቅዱ ቀላል ነው። በአንደኛው ዳር ወደ ላይ ሄደን፣ የእንጨት ድልድይ ተሻግረን፣ በሌላኛው ዳር ወርደን፣ በሩ ጋ ባለው ሌላ ድልድይ ወደ መኪናችን እንመለሳለን። እግሬ እንደፈራሁት ተንቀጠቀጠ። ማኑብሪውን አንቄ ይዤ ነው የጀመርኩት። መንገዱ ደቃቅ ጠጠር ነው፤ ጎማው ሥር ቆሎ የሚታመስ ይመስላል። የቆመ መኪና የለም፤ የሚከፈት በር የለም። ሆኖም ዓይኔ በሩን ይፈልጋል።

የመጀመሪያዋ ቁልቁለት ስትመጣ ወረድኩና ብስክሌቷን እየገፋሁ ሄድኩ። ሁለተኛዋም ላይ እንደዚሁ። እትዬ ታች ቆመው ጠበቁኝ። ሦስተኛዋ ላይ ግን አላስቻላቸውም።

«መቀመጫሽን ወደ ኋላ፣ ዓይንሽን ወደ ሩቅ። ኮረቱን አትይው። ካየሽው እሱ ላይ ነው የምትሄጅው።»

«አይሆንልኝም፣ እትዬ።»

«ኦኬ። ግፊያት እንግዲህ፤ ወንዙ እንደሆነ አይሄድብን» አሉና ፊታቸውን አዞሩልኝ። ስላላባበሉኝ አመሰገንኳቸው።

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ ድልድዩ

ሜዳው ላይ ግን ነዳሁ። አንድ ሰዓት ያህል ያለማቋረጥ ነዳሁ። በየመታጠፊያው ወንዙ ሌላ መልክ ያሳያል፤ አንዴ ጥቁር፣ አንዴ አረንጓዴ፣ አንዴ ሰማዩን እንዳለ የያዘ። ዝዪዎች በሰልፍ ወረዱ። አንድ ቦታ ላይ ፍየል የምታክል የመሰለችኝ ነገር ከሸምበቆው ብቅ አለች፤ ቀንዷ ሲከተል ትልቅ ወንድ አጋዘን ሆኖ አረፈው። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። እሱም እትዬን ረዘም አድርጎ አያቸው፤ ነጭ ሻሽና ሄልሜት አንድ ላይ አይቶ አያውቅ ይሆናል።

ድልድዩ ላይ እግራችንን ወደ ውሃው አንጠልጥለን ጭብጦ በላን። ደስ ብሎኛል፤ ሌላ ስም አልሰጠውም። ስምንት ወር ሙሉ ከሰውነቴ ጋር ተኳርፌ ነበር፤ እዚያ ድልድይ ላይ በመጠኑ ታረቅን።

ቅዳሜ፣ ከቀኑ አምስት ሰዓት ተኩል፣ ምሥራቁ ዳር

ተሻግረን ስንመለስ መንገዱ ከወንዙ ርቆ ወደ ጠጠራማ ከፍታ ወጣ። እዚያ ላይ የእትዬ የኋላ ጎማ «ፍስስ» አለ። ጎንበስ ብዬ ሳይ ጎማው ላይ የተሰካው እሾህ በስሙ የማውቀው ሆነ። ኩርንችት! ኮምቦልቻ ግቢያችን ውስጥ ስንት ሰው ያስነከሰ ኩርንችት፣ ካሊፎርኒያ መጥቶ ኑሮውን መሥርቷል።

«ወይ ጉድ! እሱም ግሪን ካርድ አግኝቷል!» አሉ እትዬ።

ከመነዳሪውን ቀየርን። ግማሽ ማይል ሳንሄድ የፊቱ ተነፈሰ። ቀየርን። እንደገና የኋላው። ሦስት መለዋወጫ ነበረን፤ ሦስቱም አለቀ። የእኔን ጎማ ግን አልነካውም፤ የሱቁ ጎረቤት የሸጠልኝ ወፍራም የከተማ ጎማ ስለሆነ ይመስለኛል። ሦስተኛውን እየነፋን ሳለ ከኋላችን አንድ አሮጌ ነጭ ፒክአፕ አቧራውን እየጎተተ መጣ። ባለ ባርኔጣ ሽማግሌ፣ ከጎኑ ውሻ። አርቢ ነው፤ በኋላ ስሙ ሮይ መሆኑን አወቅን። መስኮቱን ዝቅ አደረገ።

«ሴቶች፣ ችግር አለ? ውሃ ልስጣችሁ? እስከ በሩ ላድርሳችሁ?» አለ በእንግሊዝኛ።

ውሃችን ከግማሽ በታች ነው። ፀሐይዋ አናት ላይ ደርሳለች። ወደ መኪናችን ገና አስር ማይል ይቀራል። እትዬም ፈገግ ብለው፣

«ኖ፣ ኖ! ዊ አር ፋይን! ታንክ ዩ!» አሉ።

«እርግጠኛ ናችሁ?»

«የስ፣ የስ! አትቸገር!»

ሰውዬው ባርኔጣውን ነካ አደረገ። «ቤቴ ስድስት ማይል ወደ ታች፣ ዛፎቹ ጋ ነው» አለና ሄደ። በቃ ሄደ። አቧራው እስኪያርፍ ሁለታችንም መንገዱን አየን።

«ሄደ እንዴ?» አሉ እትዬ።

«ሄደ።»

«እኔ እኮ አንዴ ደግሞ ይጠይቃል ብዬ ነው።»

«እኔም እርስዎን ቀድሜ እሺ ማለት ነውር መስሎኝ ነው።»

«ምን ዓይነት ሰው ነው? ለወጉ እንኳ አይለምንም?»

መንገድ ዳር ቁጭ ብለን እንባችን እስኪመጣ ሳቅን። ሰው በገዛ ይሉኝታው በጥም ሊሞት ነው፣ በሎስ አንጀለስ ውሃ አጠገብ።

ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። ሁለት ማይል ያህል እንደሄድን የእትዬ የፊት ጎማ ድንገት ባዶ ሆኖ ማኑብሪው ተጠመዘዘና ወደቁ። ጭንቅላታቸው ደህና ነው፤ ሄልሜቱ ሥራውን ሠርቷል። የቀኝ ጉልበታቸው ግን ዓይናችን እያየ አበጠ። ሊቆሙ ሞከሩ፣ አልቻሉም። ስልኬን አወጣሁ፤ ሲግናል የለም። ዞር ዞር ብዬ አንድ ቁጥቋጦ አገኘሁ፤ ጥላው ለአንድ ሰው ይበቃል። ደግፌ አስቀመጥኳቸው። የቀረውን ውሃ ሁሉ እጃቸው ላይ ተውኩ።

«ጽጌ» አሉኝ። ሲቀልዱ የነበሩት ሴትዮ አይደሉም፤ ከንፈራቸው ደርቋል። «በእግርሽ ከሆነ ውሃው አይበቃኝም።»

«አውቃለሁ፣ እትዬ።»

ቅዳሜ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት፣ ብቻዬን

ሁለት ማይል ያህል ደህና ነው፤ ሜዳ ነው። ከዚያ መንገዱ ጫፍ ላይ አደረሰኝ። ታች የሮይ ዛፎች ይታያሉ፤ በመሃል ያለው ግን ጠዋት በእግሬ ከወረድኳቸው ሦስቱ ቁልቁለቶች አንድ ላይ ይረዝማል። ድንጋዩ ቡጢ ያክላል። ወረድኩ። ብስክሌቷን ይዤ ሁለት እርምጃ ሄድኩ።

እውነቱን ልናገር። የፈራሁት መውደቁን አልነበረም። መውደቅ ምን እንደሆነ አውቀዋለሁ። የፈራሁት ያችን ከመውደቄ በፊት ያለችውን ቅጽበት ነው፤ ያን ጊዜ ፒኮ ላይ በሩ ሲከፈት «አይ፣ አይሆንም» ያልኩባትን። ስምንት ወር የምሸሸው እሷን ነው። እየገፋሁ ብወርድ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። እትዬ አንድ ኮዳ የማትሞላ ውሃ ይዘው ፀሐይ ላይ ናቸው፤ ጥላውም እየዞረ ነው።

ተመልሼ ወጣሁባት። መቀመጫዬን ወደ ኋላ አደረግሁ። ዓይኔን ዛፎቹ ላይ ጣልኩና ለቀቅኳት።

በጩኸት ነው የወረድኩት። ቃላቱን እዚህ አልጽፋቸውም፤ አንዳንዱ ጸሎት ነበር፣ አንዳንዱ አልነበረም። ፍሬኑን ጨምቄ ጣቶቼ ደነዘዙ። መሃል ላይ የፊት ጎማዬ አንድ ድንጋይ ላይ ዘለለና ያቺ ቅጽበት መጣች፤ መጣችና አለፈች። ብስክሌቷ ቀጥ አለች። ታች ስደርስ መቆሙን ሁሉ ረስቼ ዝም ብዬ ፔዳል መታሁ። ሳለቅስ እንደነበር ያወቅሁት ነፋሱ ጉንጬን ሲያቀዘቅዘው ነው።

የሮይ ውሻ ጮኸ። ሰውዬው ከበረቱ ወጣ።

«ደህና ነሽ? የምትፈልጊው ነገር አለ?»

«አዎ» አልኩት፣ ገና ሳልወርድ። «ውሃ እፈልጋለሁ። መኪናህን እፈልጋለሁ። ጓደኛዬ ወድቀዋል፣ አራት ማይል ወደ ላይ።» በሕይወቴ ሰው እንደዚያ አዝዤ አላውቅም። ቀዝቃዛ ውሃ በትልቅ ጆግ አመጣ፤ ባቄላ ቶርቲያ በሚሉት ስስ ቂጣ ጠቅልሎ «ትበያለሽ?» አለኝ። ቃሉን ሳይጨርስ ተቀበልኩት።

«ቅድም ግን ደህና ነን አላችሁኝ» አለ፣ ቁልፉን ከኪሱ እየፈለገ።

«እየተግደረደርን ነበር» ልለው ፈልጌ በእንግሊዝኛ አጣሁት። «በእኛ ዘንድ ሁለት ጊዜ እምቢ እንላለን፣ በሦስተኛው እሺ እንላለን» አልኩት።

«እኔ ሁለት ጊዜ ጠይቄአለሁ።»

«አንድ ነበር የቀረህ።»

ረዘም አድርጎ አየኝና ራሱን ነቅንቆ ሳቀ። ብስክሌቴን ሊጭንልኝ እጁን ዘረጋ። ወደ መኪናችን የቀረው አራት ማይል ነው። «እሷን እነዳታለሁ» አልኩት። ፒክአፑ ወደ ላይ፣ እኔ ወደ ታች ተለያየን።

ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ በሩ

ያቺን አራት ማይል ለማንም አልሰጥም። መንገዱ ወደ ወንዙ ተመልሶ ተጠጋ፤ ፀሐይዋ ጎን ሆና የዛፎቹን ጥላ እንደ መሰላል መንገዱ ላይ አጋድማዋለች። ላሞች አላዩኝም፤ ወይ አይተው ናቁኝ። ነፋሱ ከኋላ ነበር። አልቸኮልኩም፤ እንዲያልቅም አልፈለግሁም።

መኪናችን ጋ ደርሼ ትንሽ እንደተቀመጥኩ ፒክአፑ መጣ። የእትዬ ብስክሌት ከኋላ ተጭኗል፤ እሳቸው ከፊት ወንበር ላይ ናቸው፤ ጉልበታቸው ላይ በረዶ፣ ጭናቸው ላይ የውሻው ጭንቅላት።

«ሦስት ጊዜ ልጠይቃት ተዘጋጅቼ ነበር» አለኝ ሮይ፤ «የመጀመሪያውን ሳልጨርስ ገብታ ቀበቶ አሰረች።»

«ምን ይላል?» አሉ እትዬ፣ የተባለውን ሁሉ አሳምረው ሰምተው። የቀረውን ጭብጦ በሙሉ ለሮይ ሰጡት። «ኖ፣ ታንክስ» ሲል እጁን ገልብጠው ውስጡ አስቀመጡለት። እንዲህ ነው የሚለመነው።

መኪናችንን ሮይ ነድቶልን፣ ሌሊቱን በአቅራቢያው ባለች ትንሽ ከተማ ውስጥ፣ የመኝታ ክፍሉ መስኮት ተራራውን በሙሉ በሚያሳይ ሞቴል አደርን። የእትዬ ጉልበት እብጠቱ ጠዋት ላይ ጎደል ብሎ መኪና ለመንዳት በቃ።

እሁድ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት፣ ፒኮ ጎዳና

ወደ ደቡብ ስንነዳ ውሃውን የሚወስደው ቦይ ከመንገዱ ጋር ሲገናኝና ሲለያይ አየነው። እትዬ ቅዳሴ ስላመለጣቸው እየተነጫነጩ ነበር፤ ቀጥሎም መቼ እንደምንመለስ ይነግሩኝ ጀመር። ከተማው ሲመጣ ዳር የቆሙትን መኪኖች መቁጠር ጀመርኩ። ሸለቆው ውስጥ የሚከፈት በር አልነበረም። እዚህ ግን በሩ ሁሉ ተሰልፏል።

ፌርፋክስን አልፈን ፒኮ ላይ ስንታጠፍ፣ «እትዬ፣ እዚህ ያውርዱኝ» አልኳቸው።

«ቤትሽ እኮ ገና ስምንት ብሎክ ይቀረዋል።»

«አዎ።»

መስታወቱን አይተው ዳር ያዙና ፓርክ አደረጉ። እያነከሱ ወርደው ብስክሌቴን አብረውኝ ፈቱ። ምንም ምክር አልሰጡኝም። መኪናቸው ውስጥ ገብተው መብራቱ ሦስት ጊዜ አረንጓዴ እስኪሆን እንዳልሄዱ በኋላ ነው የሰማሁት።

ነዳሁ። ከቆሙት መኪኖች አንድ በር የሚያህል ርቄ፣ በየመስታወቱ የሾፌር ጭንቅላት እየፈለግሁ ነዳሁ። ከኋላዬ አንዱ ጥሩንባ ነፋ፤ ይንፋ። አራተኛው ብሎክ ላይ አንዲት ግራጫ መኪና በሯ ተከፈተ። ልቤ ቀጥ አለ። እጄ ግን ማኑብሪውን ይዟል፤ በሩ ክፍት ሆኖ አጠገቤ አለፈ፤ ሴትዮዋ «ሶሪ!» አለች፤ እኔ ግን አልቆምኩም። ቤቴ ደጃፍ ስደርስ እግሬ እንደገና ሲንቀጠቀጥ ነበር። ይንቀጥቀጥ፤ አድርሶኛል።

ብስክሌቷን ተሸክሜ ደረጃውን ወጣሁ። ሜሮን በሩን ከፈተች። እኔን አየች፣ ብስክሌቷን አየች፣ በትከሻዬ ላይ አልፋ ወደ ታች መንገዱን አየች። የእትዬ አስካለ መኪና የለም።

«ማሚ፣ ማን አደረሰሽ?»

«ራሴ» አልኳት።